እናቶችን የወቀሰ፣ በኋላም ነፃ ያወጣ ሐኪም

መስቀል ሲደርስ አገራችን ምን እንደምትመስል ለአባሎቻችን መንገር አያስፈልግም፤ ለደጋፊዎቻችን ግን ጥቂት እንበል። ከመርካቶም ሆነ ከሐዋሳ፣ ከየሄደበት የጉራጌ ልጅ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ለአረፋ እንዲሁ ይሰበሰባሉ። በአንድ ቤት አያት፣ አጎት፣ አክስትና የልጅ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ፤ ክትፎው እስኪቀርብም ማን ማንን እንደሚመስል ይወራል። አፍንጫው የአያቱ ነው፣ አረማመዷ የአክስቷ ነው ይባላል።

አንዲት የወልቂጤ አባላችን ባለፈው መስቀል በባሏ ወላጆች ቤት ተቀምጣ ሌላ ዓይነት መመሳሰል አየች። የ8 ዓመት ወንድ ልጇ የሰው ዓይን አያይም፤ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የለስላሳ ቆርኪ በየቀለሙ እየደረደረ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። የ12 ዓመት ሴት ልጇ ደግሞ አንድ ቦታ አትረጋም፤ ደብተር ትጥላለች፣ የጀመረችውን አትጨርስም፣ ሰው ሲናገር ታቋርጣለች። እናትየው የሁለቱ ነገር ይገናኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። በዚያ ቀን ግን የባሏን አባት ልብ ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው ከጨዋታው ርቀው፣ ጥግ ይዘው የችቦውን እንጨት በርዝመት በርዝመቱ ይደረድራሉ፤ ሰው ቢያናግራቸው አይመልሱም። የባሏ ወንድም ደግሞ ምሳው ሳያልቅ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደወጣ ለመቁጠር ያስቸግራል። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። የባሏ እናት ለዓመታት የልጁ ነገር ከእሷ እንደመጣ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ የማይሆን ነገር እንዳደረገች፣ ልጁንም እንደሚገባ አቅፋ እንዳላሳደገች ሲናገሩ ኖረዋልና።

ይህን በስብሰባችን ስትነግረን ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፋን። ያንኑ ወቀሳ በሌላ ቃል ያልሰማን ጥቂቶች ነን። በዚህ እትም ስለ ዶክተር ሊዮ ካነር የምንጽፈው ለዚህ ነው። ኦቲዝም በሚባለው ስም ዛሬ የምናውቀውን ነገር ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። እናት ላይ የሚወድቀው ወቀሳ ባልተማረ ሰው አፍ ብቻ የሚገኝ የሚመስላት አባል ካለች የዚህን ሰው ሕይወት ትስማ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካነር የተወለደው በ1894 ብሮዲ ከተባለች ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር ነው። አካባቢው ያኔ በኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር፤ ዛሬ የዩክሬን ግዛት ነው። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ በርሊን ሄዶ እዚያ አደገ። ምኞቱ ገጣሚ መሆን ነበር፤ ግጥሙን የሚያሳትምለት ስላላገኘ ግን ሕክምና ተማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኦስትሪያ ጦር የሕክምና ክፍል አገለገለ፤ በ1921 በዶክተርነት ተመረቀ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ኑሮ ሲከብድ፣ በ1924 ቤተሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። መጀመሪያ የሠራው ሳውዝ ዳኮታ በሚባል ክፍለ ሀገር በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። በ1928 ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ተዛወረ፤ በ1930 እዚያው የልጆችን አእምሮ የሚያክም ክፍል አቋቋመ። በ1935 ስለ ልጆች የአእምሮ ሕክምና ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የመጀመሪያው መማሪያ ሆነ።

የግጥም ምኞቱ ባክኖ የቀረ አይመስለንም። ካነር ስለ ልጅ ሲጽፍ ክብደቱንና ቁመቱን መዝግቦ አይተወውም ነበር፤ ልጁ በር ላይ ሲደርስ ምን እንዳደረገ፣ እናቱ ስታነሳው ሰውነቱ እንዴት እንደሆነ፣ የትኛውን ቃል እየደጋገመ እንዳለ ይጽፋል። የሚያይ ዓይን ነበረው። ይህ ዓይን ነው ኋላ ብዙ በጎም ብዙ ጉዳትም ያመጣው።

ከኦቲዝሙ በፊት የሠራውን አንድ ሥራ ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። ባልቲሞር አጠገብ ሮዝውድ የሚባል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ተቋም ነበር። ባለፉት ዓመታት አንድ ጠበቃ ለፍርድ ቤት እያመለከተ ከዚያ ከ160 በላይ ሰዎችን አስወጥቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ወረቀቱ ነፃነት ይላል፤ ሴቶቹ የገቡት ግን የባለጠጎች ቤት ነው፤ ለገረድነት። ደመወዝ የለም፤ ካልተመቹም በሌላ ይተካሉ። ካነርና አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እነዚህን ሴቶች አንድ በአንድ ተከታትለው የደረሱበትን መዘገቡ። ጎዳና ላይ የወደቁ፣ የታሰሩ፣ በበሽታ ያለቁ፣ የሚያሳድጋቸው የሌላቸው ልጆች የወለዱ ነበሩ። ካነር ይህን በ1930ዎቹ መጨረሻ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት አቀረበ፤ ጋዜጦችም አወጡት። ከእኛ መካከል ልጇን ለቤት ሠራተኝነት አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ልካ ድምጿን ለወራት ያጣች እናት አለች። ለምን ይህን ታሪክ እንዳልዘለልነው ይገባታል።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ለሚሸሹ በርካታ አይሁድ ሐኪሞች አሜሪካ ሥራ እንዲያገኙ ረድቷል። በ1942 ደግሞ አንድ ስመ ጥር የነርቭ ሐኪም በአእምሮ ዕድገት በእጅጉ የተጎዱ ልጆች ቢገደሉ ይሻላል ብሎ ሲከራከር፣ ካነር ተቃውሞውን በዚያው የሙያ መጽሔት ላይ አወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1941፣ እናቶችን ከባለሙያዎች ወቀሳ የሚከላከል መጽሐፍ ለሕዝብ ጽፎ ነበር። ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እናትየዋን ጥፋተኛ የሚያደርጉትን የዘመኑን የሥነ ልቦና ጸሐፊዎች የሚቃወም መጽሐፍ ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1938 ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት ከምትባል ትንሽ ከተማ የአንድ ጠበቃ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው 33 ገጽ ነው። ስለ ልጁ ስለ ዶናልድ ትሪፕሌት የተጻፈ ነበር። ዶናልድ ገና በሁለት ዓመቱ ገደማ ስለ እረኛው የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር በቃሉ ይወጣው ነበር፤ ፊደል ከፊትም ከኋላም ይቆጥራል፤ እናቱ ብትመጣም ብትሄድም ግን ልብ አይልም። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ያስደስተዋል፤ ሲያቋርጡት ይጮኻል። ሐኪሞች ባሉት መሠረት ከቤት ርቆ በአንድ ተቋም ተቀምጦ ነበር፤ ከዓመት ገደማ በኋላ ወላጆቹ የሐኪሙን ምክር አልፈው መልሰው ወሰዱት። በዚያ ዘመን እንዲህ ለማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ካነር ዶናልድንና ሌሎች 10 ልጆችን ከተከታተለ በኋላ በ1943 ታዋቂውን ጽሑፉን አወጣ። 8 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። እነዚህ ልጆች ከሰው ጋር በተለመደው መንገድ የመገናኘት ችሎታ አጥተው እንደተወለዱ፣ ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲቆይ አጥብቀው እንደሚሹ ጻፈ። ተወለዱ ነው ያለው፤ አስተዳደግ አበላሻቸው አላለም።

ነገር ግን ያ የሚያይ ዓይን ወላጆቹንም አይቶ ነበር። ስለ ዶናልድ አባት የጻፈው ከአእምሯችን አልወጣም። ሰውየው ትጉህና ጥንቁቅ ጠበቃ ነው፤ መንገድ ላይ ሲሄድ ግን በሐሳብ ከመዋጡ የተነሳ ያገኘውን ሰው አያይም፤ ቤት ሲደርስ በምን በኩል እንደመጣ አያስታውስም። ይህን ለአባሎቻችን ስናነብ ከቡታጅራ የመጡት ሴቶች ቀድመው ሳቁ። አንዷ ባሏ የራሱን ግቢ በር አልፎ ጎረቤት ቤት ገብቶ ጫማውን እንዳወለቀ ተናገረች። ሌላዋ ባሏን ሳይሆን ራሷን አነሳች፤ ወጥ ጥዳ የምትረሳ፣ የዕቁብ ገንዘብ የት እንዳስቀመጠች የምታጣ፣ አምስት ዓይነት ንግድ ጀምራ አንዱንም ያልጨረሰች መሆኗን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰው አይመረመርም፤ እኛም የዶናልድን አባት አንመረምርም። ግን ካነር በዓይኑ ያየው ነገር ነበር፦ ልጁ ከባዶ አልመጣም።

እዚህ ላይ ካነር ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፣ ልጁ አባቱን መሰለ ማለት ነው፤ በመስቀል ቤት ሁሉም ሰው እንደሚለው። ሁለተኛው፣ ወላጆቹ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ልጁን አቀዘቀዙት ማለት ነው። በ1943ቱ ጽሑፍ ሁለቱም ሐሳብ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ልጆቹ እንዲህ ሆነው እንደተወለዱ ይናገራል፤ ከወላጆቹም ልበ ሙቅ የሆኑት በጣም ጥቂት መሆናቸውን ይጨምራል። ከአሥራ አንዱ እናቶች 9ኙ ኮሌጅ የጨረሱ፣ ከአባቶቹ 4ቱ የአእምሮ ሐኪሞች ነበሩ። ካነር ይህን እንደ ምልክት ቆጠረው። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ በ1940ዎቹ ልጇን ይዛ ባልቲሞር ድረስ መሄድ የምትችል ማን ነበረች? ገንዘብና ዕውቀት ያላት ናት። ከጉመር ወይም ከእዣ ገጠር የምትነሳ እናት ዛሬም አዲስ አበባ ለመድረስ የምታየውን አበሳ እናውቃለን። ያልደረሰችው እናት ልጅ የላትም ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለተኛው መንገድ አሸነፈ። በ1949 ካነር ራሱ እነዚህ ልጆች በረዶው በማይቀልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጎ ጻፈ። አንድ ታዋቂ መጽሔት ነገሩን ከዚያ ቀድሞ በ1948 ለሕዝብ አሰራጭቶት ነበር። የማቀዝቀዣ እናት የሚባለው ስድብ ከዚህ ወጣ። ቺካጎ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይባስ ብሎ የእነዚህን ልጆች ቤት እሱ ራሱ ታስሮበት ከነበረው የናዚ እስር ቤት ጋር አመሳሰለ። ልጆች ከእናቶቻቸው ተለይተው ተወሰዱ። እናቶች በበኩላቸው ልጃቸውን ለምን እንደማይወዱ እንዲናዘዙ ለዓመታት ሐኪም ፊት ተቀመጡ። ይወዱ ነበር እኮ! በ1941 እናቶችን የተከላከለው ሰው፣ ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያ ስድብ ውስጥ እጁ ነበረበት።

ልጅሽን ቡዳ በላው፣ የእርግማን ልጅ ነው፣ ጂን ነክቶታል ከሚለው ከአገራችን ወሬ ይህ በምን ይለያል? በቃላቱ ብቻ ይለያል። ጸበል የምትሄደውንም፣ ዱዓ የምታስደርገውንም አንነቅፍም፤ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በዚያ ተጽናንተዋል። የምንቃወመው ከማጽናናቱ ጋር ተለጥፎ የሚመጣውን ጣት ነው።

ነገሩን የገለበጡት ወላጆች ናቸው። በርናርድ ሪምላንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጅ ነበረው። ያለውን ጥናት ሁሉ ሰብስቦ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ችግሩ ከተፈጥሮ እንጂ ከእናት ቅዝቃዜ እንዳልሆነ ተከራከረ። ለመጽሐፉ መግቢያ የጻፈለት ሌላ ሳይሆን ካነር ነው። በ1969 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው የኦቲዝም ልጆች ወላጆች ማኅበር ስብሰባ ካነር ተነስቶ ወላጆችን ከጥፋቱ ነፃ ማለቱን በይፋ ተናገረ። ያኔ 75 ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ችግሩ አብሮ የሚወለድ መሆኑን እንደጻፈ፣ ሌሎች ቃሉን እንዳጣመሙበትም አስረዳ። እኛ እንደምናየው ይህ ግማሽ እውነት ነው። አብሮ የሚወለድ መሆኑን ጽፏል። ማቀዝቀዣውንም ጽፏል። ቢሆንም አንድ ትልቅ ሐኪም በሸመገለበት ዕድሜ በእናቶች ፊት ቆሞ እንዲህ ማለቱ ቀላል አይደለም፤ ያላሉት ብዙዎች ናቸውና።

በአገራችን ይህን ሸክም በአደባባይ ያወረዱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2021 እስካረፉ ድረስ ልጃቸውን ሳይደብቁ በቴሌቪዥንም በመድረክም ይዘውት ቀረቡ። ከእኛ አባላት ልጇን በጓሮ ክፍል ዘግታ ታኖር የነበረች አንዷ፣ እሳቸውን በቴሌቪዥን ባየች ማግስት በሩን እንደከፈተች ነግራናለች።

ካነር በሕይወት ሳለ፣ በ1977፣ ለንደን ላይ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር የመንታዎችን ጥናት አወጡ። ከመንታዎቹ አንዱ ኦቲዝም ያለበት 21 ጥንዶች ተጠኑ። ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም አልነበረም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በዘር እንደሚሄድ አሳየ። ለእኛ ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ግኝት ነው። ከሚመሳሰሉት መንታዎች ብዙዎቹ፣ ሁለተኛው ልጅ ኦቲዝም ባይኖርበት እንኳ፣ በንግግር ወይም በትምህርት አንድ ችግር ነበረበት። ስለዚህ የሚወረሰው አንድ የተቆረጠ በሽታ አይደለም። ከአንድ ቤት የወጣው ነገር በአንዱ ልጅ ላይ በአንድ መልክ፣ በሌላው ላይ በሌላ መልክ ሊታይ ይችላል።

ወልቂጤ ያለችው እናት ሁለት ልጆች ጉዳይ እዚህ ላይ ይገናኛል። ሴት ልጇን የሚመስሉ ልጆች፣ ሰው ቀዥቃዣ ወይም ቀልበ ቢስ ብሎ የሚጠራቸው፣ በሌላ መዝገብ ነበር የሚጻፉት። በ1937 አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ የሚያነቃ መድኃኒት ሰጥቷቸው አንዳንዶቹ እንደተረጋጉና በትምህርታቸው እንደበረቱ ጽፎ ነበር። ያንን ችግር ዛሬ ኤዲኤችዲ ይሉታል፤ ትኩረትን መሰብሰብ ማቃት፣ ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥና ሳያስቡ መቸኮል ማለት ነው። የኦቲዝም ሐኪሞችና የኤዲኤችዲ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። እንዲያውም በ1994 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ኤዲኤችዲም አለበት ማለትን ይከለክል ነበር። ሁለቱን በአንድ ልጅ ላይ መጻፍ የተፈቀደው በ2013 ነው። ስለዚህ ቆርኪ የሚደረድር፣ ደግሞም መቀመጥ የማይችል ልጅ ያላት እናት ለ19 ዓመት ከመመሪያው ውጭ ነበረች።

በ2018 ስዊድን ውስጥ እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን የመረመረ ጥናት፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ዘመዶች ኤዲኤችዲ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚልና ዝምድናው በቀረበ ቁጥር ዕድሉ እንደሚጨምር አሳየ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናት ታናናሾችን ተመልክቷል። ታላቁ ኦቲዝም ካለበት ታናሹ ኤዲኤችዲ፣ ታላቁ ኤዲኤችዲ ካለበትም ታናሹ ኦቲዝም የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ነበር። ይህ ማለት ታናሹ የግድ ይያዛል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ምንም የለባቸውም። ጥፋተኛ የሆነ አንድ ዘርም የለም፤ ነገሩ የብዙ ጥቃቅን ውርሶች ድምር ነው፤ ከአባትም ከእናትም ይመጣል። የባል ወገን ከሚስት ወገን፣ የሚስት ወገን ከባል ወገን ብሎ ሽምግልና የሚቀመጥበት ጉዳይ አይደለም። ይህን የጻፍነው የወልቂጤዋ እናት አሁን የባሏን ወገን መክሰስ እንዳትጀምር ነው፤ ስቃ እንደማትጀምር ነግራናለች፤ እናያለን።

ቡታጅራ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ከ1986 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገጠር ጤና ጥናት የሚያካሂድባት፣ በአእምሮ ጤና ጥናት ስሟ በዓለም የሚጠራ ናት። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በዚያ አካባቢ ባሉ ልጆች ላይ ከታዩት ችግሮች መካከል ኤዲኤችዲን ይጨምራል። ስለዚህ ይህ የፈረንጅ ልጅ በሽታ ነው የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። ልጇ የሚያሳስባት እናት ታናሹን ብቻ ይዛ አትሂድ። ሐኪሙ ወይም የጤና ባለሙያው ሲጠይቃት ስለ ታላቁም፣ ስለ አጎቱም፣ ስለ ራሷም ትናገር። ሴት ልጆች ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል፤ ዝም ብላ በሐሳብ የምትሄደውን ልጅ ጨዋ ናት ብለን እናልፋታለንና።

ስለ ዶናልድ ያልጨረስነው አለ። በ1942፣ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወላጆቹ ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ እርሻ ካላቸው ልጅ ከሌላቸው ባልና ሚስት ጋር እንዲኖር ሰጡት። ካነር በ1945 ሊያየው ሄደ፤ ያየውንም በአድናቆት ጻፈ። ልጁ ነገር መለካት አላቆም ሲል ገበሬዎቹ ጉድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግራቸው አደረጉ። የሞተ ወፍና ነፍሳት ሲሰበስብ የመቃብር ቦታ ሰጥተው ምልክት እንዲያቆምበት አደረጉ። የበቆሎውን ረድፍ ሲቆጥር ደግሞ እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀዱለት፤ ካነርም ፈረስና ማረሻ ይዞ ረጅም ረጅም ረድፍ ሲያርስ አየው። ይህን ያደረጉት ገበሬዎች ናቸው። የልጁን ጠባይ አልሰበሩትም፤ ሥራ ሰጡት።

በ1971፣ ከ28 ዓመት በኋላ፣ ካነር አሥራ አንዱን ልጆች ፈልጎ የደረሱበትን ጻፈ። በትላልቅ የመንግሥት ተቋማት ተዘግተው የቀሩት የነበራቸውን እንኳ አጥተው ነበር። ዶናልድ ግን ኮሌጅ ጨርሶ በትውልድ ከተማው ባንክ ገንዘብ ይቆጥር ነበር። መኪና ይነዳል፣ ጎልፍ ይጫወታል፤ ኋላ ላይ ብዙ አገሮችን ዞሮ አየ። ፎረስት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዶን ሆኖ ኖረ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ካነር ቀድሞት በ1981 በ86 ዓመቱ አርፏል።

የወልቂጤዋ እናት ይህን ከሰማች ወዲህ ልጇን ዕቁብ ሲሰበሰብ ይዛው ትመጣለች። ብሩን በየዓይነቱ ለይቶ፣ ጠርዙን አስተካክሎ ይደረድራል። ዳኛዋ ከመቁጠሯ በፊት እሱ ድምሩን ተናግሮ ይጨርሳል፤ እስካሁን አንድ ብር አልሳተም። እህቱ ደግሞ ያልመጡትን አባላት ቤት ለቤት እየሮጠች ትጠራለች። ባለፈው ሳምንት አያትየዋ ራሳቸው ተከትለዋቸው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቡና ጠጡ።